የማንን ወግ ነው የሚያጠብቁት?

የእህቴ ልጅ ባለፈው «ወግ አጥባቂ» ብላ ሰደበችኝ። ሰደበችኝ ስል ትንሽ አጋንኛለሁ፤ እየሳቀች ነው ያለችኝ። ቦታው ሚኒባስ ውስጥ ነው። የሠርጓን አዳራሽ ኮምቦልቻ አይተን ወደ ደሴ ስንመለስ፣ የሐረጎን ዳገት ልንጨርስ ትንሽ ሲቀረን።

መነሻው የሠርግ ጥሪ ነው።

«ጋሼ፣ ካርዱን አሠርቼዋለሁ። ዛሬ ማታ በቴሌግራም እለቀዋለሁ፣ በቃ ለሁሉም ይደርሳል» አለች።

«ለጓደኞችሽ ልቀቂ» አልኳት። «ጎረቤት ግን በቴሌግራም አይጠራም። በሩ ተንኳኩቶ፣ ቁጭ ተብሎ፣ በአፍ ነው የሚጠራው።»

«ኧረ ጋሼ! አንተ ደሞ የለየልህ ወግ አጥባቂ ነህ!»

ረዳቱ ሳቀ። «ፋዘር፣ ዘመኑ ዲጂታል ነው» ብሎ ጨመረልኝ። ከኋላ የተቀመጡት እናትዮ ግን «እውነቱን ነው፣ እኔ በስልክ ተጠርቼ አልሄድም» አሉ። ሚኒባሱ ለሁለት ተከፈለ። ደሴ እስክንገባ ክርክሩ የኔ መሆኑ ቀርቶ የሌሎች ሆነ።

እኔ ዝም አልኩ። ተቀይሜ አይደለም። አማርኛ ሳስተምር ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል፤ አንድ ቃል ጭንቅላቴ ውስጥ ከገባ እስከ ማታ አይወጣም። ወግ አጥባቂ። ይህን ቃል ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ? ስንት ጊዜስ በትክክል ገብቶኛል?

መጀመሪያ የሰማሁት ልጅ ሆኜ፣ ከአባባ ሬዲዮ ነው። አባባ የአሰብ መንገድ ሹፌር ነበር። ኤንትሬ የሚባለውን የጭነት መኪና ነበር የሚነዳው። በሄደበት ሳምንት ቤቱ ዝም ይላል፤ ሲመለስ ሬዲዮኑም አብሮ ይመለሳል። ማታ ማታ ድምፁን ቀነስ አድርጎ የጀርመን ድምፅን ይከፍታል። ዘመኑ የደርግ ነው፤ የውጭ ሬዲዮ ከፍ አድርጎ የሚሰማ ሰው አልነበረም። «የብሪታንያው ወግ አጥባቂ ፓርቲ» ይላል ሬዲዮኑ፣ ደጋግሞ።

እኔ ያኔ የማውቀው ወግ አንድ ነው። ሰዎች ምድጃ ዳር ተቀምጠው የሚያወሩት ነገር። ስለዚህ እንግሊዝ አገር ጥሩ ጥሩ ወግ የሚያወሩ ሰዎች ተሰብስበው ፓርቲ የመሠረቱ መስሎኝ ነበር። አጥባቂ የተባሉትም ወጋቸው ጠበቅ ያለ፣ ውሃ ያልገባበት ስለሆነ ይሆናል ብዬ ደመደምኩ። እንዲህ ያለ ፓርቲ እኛም ቢኖረን ብዬ ተመኝቻለሁ። እውነት ለመናገር ምኞቱ ዛሬም አልለቀቀኝም።

እምዬ፣ የአባባ እናት፣ ከኔ የተሻለ ጥያቄ ነበራቸው። አንድ ማታ ቡና እየቀዱ «ማናቸው እነዚህ?» አሉ።

«የእንግሊዝ ገዢ ፓርቲ ነው እማ። ወግ አጥባቂ ይባላል» አላቸው አባባ።

«መሪያቸው ማን ነው?»

«አንዲት ሴት ናት። ማርጋሬት ታቸር ትባላለች።»

እምዬ ጀበናውን አስቀመጡ። «ሴት ሾመው ነው ወግ አጥባቂ የተባሉት? ታዲያ የማንን ወግ ነው የሚያጠብቁት?»

አባባ ሲስቅ ቡናው ሱሪው ላይ ፈሰሰ። እኔ ግን ጥያቄው እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ።

እምዬ ያሉት ቀልድ ብቻ አልነበረም። ታቸር እ.ኤ.አ. ከ1979 እስከ 1990 ገዛች። ስሙ ወግ አጥባቂ ነው፤ ሥራው ግን ሌላ ነበር። የመንግሥት የነበረውን ስልክ በ1984 ሸጠች። ጋዙን በ1986 ሸጠች። በ1984 የተጀመረው የከሰል ማዕድን ሠራተኞች አድማ አንድ ዓመት ቆይቶ ተሸነፈ፤ ጉድጓዶቹም አንድ በአንድ ተዘጉ። ከአያት እስከ ልጅ ልጅ በዚያ ጉድጓድ ሲኖር የነበረ መንደር ነበር። የራሱ ዘፈን፣ የራሱ ክበብ፣ የራሱ ለቅሶና ሠርግ የነበረው። እንግዲህ ወግ ማለት ይህ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ደግ አደረገች ክፉ አደረገች የሚለውን እንግሊዞች እስከ ዛሬ አልጨረሱትም፤ እኔ ደሴ ቁጭ ብዬ አልጨርስላቸውም። ግን ነባሩን ከማጥበቅ ይልቅ የነቀለችው ይበዛል።

ይባስ ብሎ ያው ፓርቲ ከእሷ በኋላ ሁለት ሴቶችን ጠቅላይ ሚኒስትር አደረገ። በ2022 የሕንድ ትውልድ ያለውን ሪሺ ሱናክን አስቀመጠ። በ2024 ደግሞ ከናይጄሪያውያን ወላጆች የተወለደችውን ኬሚ ባደኖክን መሪ አደረገ። ተራማጅ ነኝ የሚለው የሠራተኞች ፓርቲ ግን ይህን እስከምጽፍ ድረስ አንዲት ሴት እንኳ ጠቅላይ ሚኒስትር አላደረገም። እምዬ ቢኖሩ ጀበናውን እንደገና ያስቀምጡ ነበር።

የፈረንጁ ቃል፣ «ኮንሰርቫቲቭ»፣ ከላቲን የመጣ ነው። ትርጉሙ መጠበቅ፣ ማቆየት፣ እንዳይበላሽ ማኖር ነው። የሐሳቡ አባት የሚባለው ኤድመንድ በርክ የሚባል አየርላንድ የተወለደ የእንግሊዝ ፓርላማ አባል ነው። በ1790 የፈረንሳይን አብዮት አጥብቆ ተቃወመ። ሰውየው ራሱን በዚህ ስም ጠርቶ አያውቅም፤ ቃሉ የፖለቲካ መጠሪያ የሆነው እሱ ከሞተ በኋላ ነው። በ1818 ፈረንሳይ ውስጥ በዚህ ስም ጋዜጣ ወጣ። የእንግሊዙ ፓርቲ ስሙን የያዘው በ1830ዎቹ ነው። የሚገርመኝ ግን በርክ ያለው ነገር ነው። የመለወጫ መንገድ የሌለው አገር የመቆያ መንገድም የለውም የሚል ሐሳብ ነበረው። የወግ አጥባቂዎች አባት የተባለው ሰው እንዲህ ሲል ማን ይጠብቃል?

ይጠብቃል። እዚህ ጋ ቆም እንበል።

ይህን ቃል በየዓመቱ ለተማሪዎቼ ሰሌዳ ላይ እጽፍላቸዋለሁ። «ይጠብቃል። አንብቡ» እላለሁ። ግማሹ «ብ»ን አጥብቆ ያነባል፤ ዘበኛው በሩን ይጠብቃል። ግማሹ አላልቶ ያነባል፤ ገመዱ ይጠብቃል። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አያሳይም፤ አንባቢው ነው የሚያውቀው። ቀልዱ ደግሞ ይሄ ነው፤ የገመዱ መጥበቅ የሚነበበው ላልቶ ነው። የዘበኛው መጠበቅ ነው ጠብቆ የሚነበበው። ተማሪዎቼ በዚህ ሁሌ ይስቃሉ። እኔም ሁሌ አዲስ አስመስዬ እነግራቸዋለሁ።

አሁን ወደ ቃላችን እንምጣ። ፈረንጁ «የሚጠብቅ» ነው ያለው፤ እንደ ዘበኛው። እኛ ስንተረጉመው «ወግ ጠባቂ» አላልንም። «ወግ አጥባቂ» አልን። አጥባቂ የመጣው ከገመዱ ነው፤ አጠበቀ፣ አጥባቂ። ማን እንደተረጎመው ይተርጉመው፣ ከዘበኛው ወስዶ ለገመዱ ሰጠው።

ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። ጠባቂ ያለውን ነገር እንዳይጠፋ ያየዋል። አጥባቂ ያለውን ነገር ከነበረበት ይበልጥ ያከረዋል። ግዕዙን ብንከተል «ዐቃቤ ወግ» እንል ነበር፤ ዐቃቤ ሕግ እንደምንለው። ግን እንዲያ ቢሆን ኖሮ የእህቴ ልጅ ሚኒባስ ውስጥ «ጋሼ፣ አንተ ደሞ ዐቃቤ ወግ ነህ» ስትል እኔ ተሹሜ ነበር እቤቴ የምገባው።

«ወግ» የሚለውም ቢሆን ቀላል ቃል አይደለም። ወሬ ነው። ልማድ ነው። ማዕረግ ነው፤ እናት ልጇን ስትድር «ወግ ማዕረጓን አየሁ» ትላለች። ለይስሙላ የሚደረግም ነገር ነው፤ «ለወጉ ያህል ጠራኝ» እንላለን ስንቀየም። በአግባቡ ማለትም ነው፤ «በወጉ ሳንተዋወቅ ተለያየን።» አንድ ቃል ውስጥ ቁም ነገሩም ይስሙላውም አብረው ይኖራሉ። ወግ አጥባቂ የተባለ ሰው የትኛውን እንዳጠበቀ ስሙ አይነግርህም።

በዚያ ላይ ወሎ ውስጥ «ወግ አዋቂ» የሚባል አለ። ወግ አዋቂ ከሆንክ ሰው ያከብርሃል። ሽምግልና ትላካለህ፣ ሠርግ ላይ ከፊት ትቀመጣለህ፣ የተጣላ ሲኖር ትጠራለህ። ወግ አጥባቂ ከሆንክ ግን ልጆች ከቤትህ ሲወጡ ቀሚሳቸውን አስረዝመው፣ ጥግ ሲታጠፉ ያሳጥሩታል። ወጉ ያው ነው። ግሱ ብቻ ነው የተቀየረው።

ዛሬ መንገድ ላይ ቃሉን ብትሰሙት ከፖለቲካ ጋር ብዙም አይገናኝም። ፒያሳ ካፌ ቁጭ ያለች ልጅ «ቤተሰቦቼ ወግ አጥባቂ ናቸው» ካለች፣ ማታ ከአንድ ሰዓት በኋላ አልወጣም ማለቷ ነው። አንድ ልጅ ስለ እጮኛው አባት «ሰውየው ወግ አጥባቂ ነው» ካለ፣ ሽማግሌ ሳልክ በሩን አላልፍም ማለቱ ነው። «ኋላ ቀር» ከማለት ይለሰልሳል። «አክራሪ» እና «ጽንፈኛ» እንደሚሉት አያስፈራም። እየሳቁ ሊሉት ይችላሉ። አንድ ነገር ግን ልብ አድርጌያለሁ። ሰው ሁሌ ስለ ሌላ ሰው ነው የሚለው። «እኔ ወግ አጥባቂ ነኝ» ብሎ ደረቱን የሚነፋ እዚህ ከተማ ውስጥ አልገጠመኝም።

ይህም ምክንያት አለው። በኛ አገር የፖለቲካ ቅጽሎች ልጅነት ያለፈው በ1950ዎቹና 60ዎቹ ነው። ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው የካቲት 1957 አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ ወጡ። ደሴም የድርሻዋን ይዛለች፤ የወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት ልጆች በዚያ ዘመን ዝም ያሉ ልጆች አልነበሩም። በዚያን ጊዜ የነበሩት ሁለት ቃላት ተራማጅ እና አድኃሪ ናቸው። ተራማጅ ከመራመድ ነው። አድኃሪ ከ«ድኅረ» ነው፤ ወደ ኋላ የሚጎትት። (ድኅረ ምረቃ የምንማረውም ከዚሁ ቤት ነው። የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪና አድኃሪ የሥጋ ዘመዳሞች መሆናቸውን ለክፍሌ ስነግር የሳቀ ተማሪ እስካሁን የለም።) ፖለቲካው በእግር ነበር የሚለካው። ወደ ፊት ትሄዳለህ ወይስ ወደ ኋላ? ቆሜ ላስብበት ለሚል ሰው ስም አልተሰጠውም።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። አድኃሪ የሚለው ቃል የክርክር መሆኑ ቀርቶ የክስ ሆነ። በ1969 እና በ1970 ቃሉ ሰው ያስገድል ነበር። ገዳዩም ሟቹም ተራማጅ ነኝ ይል ነበር፤ አንዱ ሌላውን አድኃሪ ይለው ነበር። እምዬ ያን ጊዜ የነበረውን ሲያወሩ ቃሉን በስሙ አይጠሩትም ነበር። «ያ ቃል» ነበር የሚሉት። እንደ በሽታ።

እንግዲህ ከዚያ በኋላ ማን ነው ነባሩን ልጠብቅ ብሎ ፓርቲ የሚያቋቁም? የፓርቲዎቻችንን ስም ተመልከቱ። አብዮታዊ፣ ዴሞክራሲያዊ፣ ግንባር፣ ንቅናቄ፣ ብልፅግና። ስሙ ሁሉ ወደ ፊት ያያል። ሥራው ወዴት እንደሚያይ ሌላ ጉዳይ ነው። ሲመሽ ግን የፓርላማ አባሉም ገበሬውም ቤቱ ገብቶ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ልጁን «ሽማግሌ ሳይላክ?» ይለዋል። በኛ አገር ወግ አጥባቂነት ፓርቲ የለውም፤ ቤት ነው ያለው።

የውጭ ዜና ላይ ቃሉ ጭራሽ መያዣ መጨበጫ የለውም። ደርግ ከወደቀ ሦስት ወር ሳይሞላው፣ ነሐሴ 1983፣ ሞስኮ ላይ በጎርባቾቭ ላይ መፈንቅለ መንግሥት ተሞከረ። አባባ ሬዲዮኑን ይዞ «ወግ አጥባቂዎቹ ናቸው» አለኝ። «የታቸር ወገኖች ሞስኮ ምን አገባቸው?» አልኩት። ለካ ኮሚኒስቶቹ ናቸው። የሰባ ዓመት አብዮታቸው ወግ ሆኖባቸው፣ እሱን ሊያጠብቁ ነው። ኢራን ውስጥ ደግሞ ወግ አጥባቂ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1979 የተነሣውን አብዮት የሚጠብቀው ወገን ነው። ጀርመን ውስጥ ከወግ አጥባቂው ጎራ የመጣችው አንጌላ ሜርክል እ.ኤ.አ. በ2011 የግዴታ ውትድርናን አስቀረች፣ የኑክሌር ጣቢያዎቹም እንዲዘጉ ወሰነች። ጃፓን ላይ ዋናው ወግ አጥባቂ ፓርቲ ስሙ ሊበራል ዴሞክራት ነው። አውስትራሊያም ላይ ቀኝ ዘመሙ ፓርቲ ሊበራል ይባላል። ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ ታዲያ ወግ አጥባቂ ማለት ምንድን ነው?» ሲሉኝ፣ እኔም እምዬን እጠቅሳለሁ። የማንን ወግ?

ወደ ሐረጎ ልመለስ፤ ምክንያቱም ያን ቀን እዚያ ዳገት ላይ ያሰብኩት ስለ ታቸር አልነበረም። ስለ አባባ ገመድ ነበር።

አንድ ክረምት ትምህርት ሲዘጋ አባባ አሰብ ድረስ ወሰደኝ። ስንመለስ ከባቲ ሽቅብ ወጥተን ኮምቦልቻ ደረስን። ሰዓቱ ወደ ማታ ነው፤ ደሴ ላይ ደመናው ጠቁሯል። አባባ መኪናውን አቆመና ወረደ። ሸራው የታሰረበትን ገመድ አንድ በአንድ ትንሽ ትንሽ አላላው። እኔ ደነገጥኩ። ዳገቱ ገና ከፊታችን ነው፤ ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፣ ግን ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ትወጣለህ።

«አባባ፣ ጭነቱ አይወድቅም?»

«የቃጫ ገመድ ነው። ዝናብ ሲጠጣ ይሰበሰባል። አሁን ካላላላሁለት ላዩ ላይ ሸራውን ይቀድልኛል፣ ቋጠሮውም አይፈታልኝም።»

«ለምን መጀመሪያውኑ ላላ አድርገህ አላሰርከውም?»

«ያኔማ አሰብ ነው። ነፋሱ ይወስደው ነበር።»

ሌላ አላለም። ጉንጩ ውስጥ ያለውን ጫት አስተካክሎ ወደ መሪው ተመለሰ።

ወሎ ወግ የጠበቀበት ዘመን አይቷል። ከደሴ ብዙም የማይርቀው ቦሩ ሜዳ ላይ፣ በ1870፣ ዐፄ ዮሐንስ ጉባኤ ጠርተው ነበር። የወሎ እስላም ክርስትና እንዲነሣ ተወሰነ። መሐመድ ዓሊ የነበሩት የወሎው ገዢ ክርስትና ተነሥተው ሚካኤል ተባሉ፤ ኋላ ንጉሥ ሚካኤል የምንላቸው ናቸው። አልቀበልም ያለው ተሰደደ፣ ተዋጋ። የተቀበለውም ቢሆን ቀን ክርስቲያን፣ ሌት እስላም ሆነ ተብሎ ይወራል። ገመዱ በጣም ሲጠብቅ ሰው ከሥሩ ሾልኮ ይወጣል። እኒያው ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ አዳራሽ ሠሩ። ስሙ አይጠየፍ ነው። እስላሙም ክርስቲያኑም ገብቶ የሚበላበት፣ ማንንም የማይጠየፍ ተብሎ የወጣ ስም ነው ይባላል። ዛሬም አለ። ልጆች ሳለን ስሙ የሰው ስም ይመስለን ነበር።

እኔ ያደግኩት ግራና ቀኝ እስላም ጎረቤት ባለበት ግቢ ነው። ድግስ ሲኖረን ወጉ የታወቀ ነው። አባባ በግ ወይም ወይፈን ገዝቶ ለጎረቤታችን ለሐጂ ያስረክባል። እሳቸው ቤት ቢስሚላህ ተብሎ ይታረዳል፣ በእነሱ ድስት ይሠራል፣ እስላሙ እንግዳ እዚያ ይበላል። የኛው እኛ ቤት። መሶቡ ሁለት፣ ምርቃቱ አንድ። በመውሊድና በኢድ ጊዜ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፤ የኛ ድርሻ በነፍሱ ይመጣል።

የእህቴ ልጅና እኔ ያን ቀን ኮምቦልቻ ላይ የተጨቃጨቅነው በጥሪው ብቻ አልነበረም። አዳራሹ አንድ ማዕድ ቤት ነው ያለው። ምግብ አቅራቢውም አንድ ነው። እኔ «የእስላሙ ድግስ እንደ ወጉ ሐጂ ቤት ይሰናዳ» አልኩ። «ጋሼ፣ ሠርጉ ኮምቦልቻ ነው። ሰው ደሴ በልቶ 25 ኪሎ ሜትር ወርዶ ሊያጨበጭብ ነው?» አለች። ልክ ነበረች። እኔ ግን አላመንኩላትም። ወግ ነዋ።

ቅዳሜ ለጥሪ ወጣን። በእግር፣ በር በር እያንኳኳን። ይህቺን ይህቺን አሸንፌያለሁ። መጀመሪያ የገባነው ሐጂ ቤት ነው። ዛሬ ሰማንያን አልፈዋል። ቡና ተፈልቶ ጠበቀን። ዕጣኑ ጨሷል። የአዳራሹን ጉዳይ አነሣሁላቸው፤ እውነቱን ለመናገር ለኔ እንዲፈርዱልኝ ነው። ከሳቸው በላይ ወግ አዋቂ ሰፈሩ ውስጥ የለማ።

ሐጂ ዝም ብለው ሰሙ። አወሏን ጨርሰው ስኒውን አስቀመጡ።

«እዚያው ይታረድ» አሉ።

«ሐጂ፣ ማዕድ ቤቱ እኮ አንድ ነው።»

«አብሽር። የሚያርደው የኛ ሰው ይሂድ። ቢላውም ድስቱም ከኛ ይጫን። ሴቶቻችን በዚህ በኩል ይሥሩ፣ ሴቶቻችሁ በዚያ በኩል። ምን ቸገረ?»

«ድሮ እንዲህ አልነበረማ…»

«ድሮ መች አዳራሽ ነበረና?» ሳቁ። «የሚለየው ሥጋው ነው እንጂ ሰዉ አይደለም። በሩን ሁለት እንዳታደርጉብኝ ብቻ። በአንድ በር ነው የምንገባው።»

የእህቴ ልጅ ወደኔ አላየችም። ጨዋ ልጅ ናት። ግን ከንፈሯን ነክሳ እንደነበር አይቻለሁ።

ካርዱን በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። ተቀብለው አገላብጠው አዩት፣ ሳሙትና ደረት ኪሳቸው ከተቱት። ከዚያ ከሌላኛው ኪሳቸው ስልክ አወጡ። የኔን የሚያስንቅ ስልክ ነው።

«የኔ ልጅ፣ ይሄ ነገር በቴሌግራም የለሽም? ጅዳ ላሉት ልጆቼ ልልከው ነበር።»

«አለኝ ሐጂ!» ብላ ከመቀመጫዋ ተነሣች። ድምፅዋ ከአዝዋ ገደል ማዶ ይሰማል። አሁን ነው ዞር ብላ ያየችኝ።

እኔ ስኒዬ ውስጥ አቀረቀርኩ።

ካርዱ ተላከ። የልጅ ልጃቸው አስተላለፈላቸው። ወዲያው ከጅዳ ድምፅ መጣ፤ እልልታ ነው። ሐጂ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ሦስት ጊዜ ሰሙት። ገና አሥራ አንድ ቤት ይቀረናል። ሰዓቴን አየሁና «በሉ እንግዲህ ሐጂ፣ እኛ እንሂድ፣ አልተዳረሰም» ብዬ ብድግ አልኩ።

ሐጂ ስልኩን አወረዱት። መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ጀበናውን አዩ።

«ቁጭ በል አንተ ልጅ» አሉ። «በረካ ሳይጠጣ ማን ተነሥቶ ያውቃል?»